በማን ሰዓት ጻፋችሁ?

እሁድ፣ ሜይ 30፣ 2021። ዮቪል።

ይህን ደብተር በአማርኛ የምጽፈው ሀኒ እንዳታነበው ነው። ሀኒ እዚህ ዮቪል ቤት የምጋራት ጓደኛዬ ናት፤ አማርኛ ትናገራለች እንጂ ፊደል አልቆጠረችም። እኔን ግን እማዬ ዳቬይተን፣ ከከተማው ዳር ባለው ሱቃችን ጀርባ፣ ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ፊደል አስቆጥራኛለች። አማርኛ ለእሷም ለአባባም ሁለተኛ ቋንቋ ነው። ሲጣሉ በሀዲይኛ፣ ሲታረቁ በሀዲይኛ፣ ሲጸልዩ በአማርኛ ነው።

ደብተሩን የጀመርኩት ኩራቴን የማስቀምጥበት ቦታ አጥቼ ነው። የማስተርስ ጥናቴ የኤሌክትሪክ ገበያ ሞዴል ነው። ሞዴል ማለት ኮምፒዩተር ውስጥ የምትኖር አገር ናት። ቀኗ ሃያ አራት ሰዓት ነው፤ በእያንዳንዱ ሰዓት ሰው የሚፈልገው መብራትና የሚመረተው መብራት እኩል መሆን አለበት። ቀትር ላይ ፀሐይ አለች፣ መብራቱ ርካሽ ነው። ማታ ከከሰል የሚመረተው አልበቃ ሲል ናፍጣ ይቃጠላል። ሞዴሎቹ ማዕድኑን፣ ፋብሪካውን፣ መኖሪያ ቤቱን ሁሉ ይቆጥራሉ፤ ስፓዛ የሚባለውን የሰፈር ትንሽ ሱቅ ግን የቆጠረ የለም። አባባ ሁለት ፍሪጅና አንድ ፍሪዘር እያሠራ በዚያች አገር ውስጥ ዜሮ ነው። አማካሪዬን ዶክተር ማሴኮን «ለምን ዜሮ?» ብዬ ብጠይቃት «መረጃ የለማ» አለችኝ። «እኔ አመጣዋለሁ» አልኳት። አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

አባባ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ራሱን ጨምሮ አሥራ አራት ደብተር ለአሥራ አራት ባለሱቅ አደለልኝ። በቀን አንድ መስመር ብቻ ነው የሚጽፉት፦ ገበያ የሚደራው ከስንት እስከ ስንት ሰዓት ነው፤ በዚያ መሃል ቆጣሪው ስንት በላ፤ ሎድሼዲንግ፣ ማለትም በታወጀ ፕሮግራም በየሰፈሩ መብራት ማጥፋት፣ ካለ መብራት ስንት ሰዓት ጠፋ፣ ስንት ሰዓት መጣ። ትእዛዙን በድምፅ ቀርጬ በዋትስአፕ ላክሁ። «ሰዓቱን በትክክል ጻፉልኝ፤ ለዩኒቨርሲቲ ነው» አልኩ። ራሴ ብሄድ ይሻል ነበር፤ ነገር ግን በኮሮና ምክንያት ዩኒቨርሲቲው ከልክሏል። መከልከሉ እንዳላስከፋኝም ልጻፈው፤ ዳቬይተን በሁለት ታክሲ ነው፣ የሱቅ ሽታም ከልብስ አይለቅም።

ሐሙስ፣ ጁን 10።

ሎድሼዲንግ ደረጃ አራት ደርሷል። ስልኬ 9 ፐርሰንት። አባባ ሲደውል ከኋላው «ማይ ፍሬንድ፣ ሻማ አለ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ደብተሩን በሻማ እየጻፈ ነው። ሌሎቹም አልዘለሉም። ባለሱቁ ጋሼ ሽጉጤ አንድም ቀን አላጎደለም አለኝ። የኔ ሰዎች!

ሰኞ፣ ጁን 14።

አባባ ዕቃ ሊገዛ ዱርንፎንቴን፣ የጅምላ መደብሮቹ ጋ፣ መጥቶ ደብተሮቹን አስረከበኝ። በክርን ሰላም ተባባልን። ማስኩን ከአፍንጫው በታች አድርጎ ነበር፤ ተቆጣሁት።

«ሁሉም ተጠንቅቀው ነው የጻፉት» አለኝ። «ለዩኒቨርሲቲ ነው ስላልሽ፣ እንደ ዩኒቨርሲቲ ሰው አድርገው ነው የጻፉልሽ።»

«እንዴት ነው እንደ ዩኒቨርሲቲ ሰው?»

«አሳምረው ነዋ! ጋሼ ሽጉጤ እንደውም በጣቱ እየቆጠረ ነው የጻፈው ብለውኛል።»

ሳቅሁ። ጋሼ ሽጉጤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፣ ከምባታ ነው፣ ሁለት ሱቅ ይመራል። በጣት ቆጥሮ መጻፉን ለሀኒ ነግሬያት እሷም ሳቀች።

ሐሙስ፣ ጁን 17።

የአባባን ደብተር መጀመሪያ ከፈትኩ። «ከ1 እስከ 3» ይላል። ማታ ከአንድ እስከ ሦስት፣ በእኛ ሰዓት። ሞዴሉ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነውና ስድስት ጨምሬ የማታ 7 እስከ 9፣ ማለትም ከ19 እስከ 21 አልኩት። መብራት የጠፋበትን ከታወጀው ፕሮግራም ጋር አስተያየሁ፤ ቁልጭ ብሎ ገጠመ። ሌላ ተማሪ ቢሆን ይህን አያውቅም፣ እንዳለ ያስገባው ነበር። እኔ ግን የሰዎቼን ሰዓት አውቃለሁ። የቀሩትን አሥራ ሦስቱንም በአንድ ትእዛዝ ስድስት ስድስት ጨመርኩባቸው። ሻይ እስኪፈላ አለቀ።

ሰኞ፣ ጁን 21።

ውጤቱ ወጣ!

አምስቱ ሱቆች ገበያቸው ማታ ነው፤ ይህ ይጠበቃል። ዘጠኙ ግን ከ13 እስከ 15፣ ልክ ፀሐይ ከአናት በላይ ባለችበት ሰዓት ነው! «ከ7 እስከ 9» ብለው ጽፈዋል፤ ስድስት ሲጨመር ቀትር ካለፈ በኋላ ይሆናል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ክፍት የሆነ ስፓዛ ደግሞ የለም። ምክንያቱንም አገኘሁት፦ በኮሮና ሥራ ያጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሰፈር ይውላል፣ ምሳውን ከስፓዛ ይገዛል። ወረርሽኙ የሱቆቹን መብራት ወደ ፀሐይዋ አመጣው ማለት ነው። ጥናቱ ርእስ አገኘ።

ዶክተር ማሴኮ በዙም ስዕሉን አጉልታ አየችው። ከዚያ «ፊቤ፣ ይህን እስከ ዛሬ ያየ ሰው የለም» አለችኝ። መስከረም ላይ ለዶክትሬት ትወስደኛለች። ለአባባ ደውዬ ነገርኩት። «ዜሮ አይደለህም» አልኩት። «መቼ ዜሮ ሆኜ አውቃለሁ?» አለኝ።

ሐሙስ፣ ጁን 24።

ትንሽ ነገር ናት። ጋሼ ሽጉጤ «መብራት 6 ጠፋ፣ 8:30 መጣ» ብሎ ጽፏል። ስድስት ስጨምር ከ12 እስከ 14:30 ይሆናል። በዚያ ቀን በእነሱ ሰፈር ቀትር ላይ ሎድሼዲንግ አልነበረም፤ የነበረው ማታ ነው። በማግስቱ ከትውስታው ጽፎት ይሆናል። ትልቅ ሰው ነው፣ ይቀላቅላል። የመብራት መጥፊያውን ዓምድ ከጥናቱ አወጣሁት። ዋናው ነገር እሱ አይደለም።

ሰኞ፣ ጁን 28።

እንደገና ደረጃ አራት፤ ይኼኛው የኮሮናው ነው። ቤተ ክርስቲያን ተዘጋ፣ ሰዓት እላፊው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሆነ። ሀኒ የምትሠራበት ክሊኒክ ኦክስጅን ይጠባበቃል።

ለትናንሽ ሱቆች የሶላር ፓነል የሚሰጥ አንድ ድርጅት ዶክተር ማሴኮ የላከችለትን ጥናቴን አንብቦ እሺ ብሏል! አሥራ አራቱም ሱቆች ፓነል ያገኛሉ። ባትሪ የለውም፤ የሱቆቹ ፍጆታ በአማካይ ቀን ላይ ስለሆነ ባትሪ አያስፈልግም፣ ያለ ባትሪ ከሆነ ደግሞ ለሁሉም ይበቃል ብለዋል። ፓነል የገባለት ሱቅ በሌላ እርዳታ ለባትሪ ማመልከት አይችልም። ጁላይ 29 በዙም ይጸድቃል።

ለአባባ ነገርኩት። «ማታስ?» አለኝ።

«ማታ ምን?»

«ፀሐይ ስትገባ ምን ይሆናል?»

«አባባ፣ ሞዴሉ እኮ አሥራ አራታችሁንም አንድ ላይ ነው የሚያየው።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ» አለኝ። አነጋገሩ አላማረኝም። አባባ አዲስ ነገር ሁልጊዜ ይፈራል።

እሁድ፣ ጁላይ 4።

ሀኒ ለእናቷ መድኃኒት ልታደርስ ነው። ስልኩን በስፒከር አድርጋ ጥፍሯን ትቀባለች።

«እማ፣ ነገ ሰባት ሰዓት እመጣለሁ።»

«በማን ሰዓት? በሀበሻ ነው በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ፣ ማታ፣ ኦፍ ኮርስ።»

የያዝኩትን ሻይ አስቀመጥኩ። በዚህ ከተማ ቀጠሮ የያዘ ሀበሻ ሁሉ ይህን ይጠይቃል። ለሠርግ፣ ለለቅሶ፣ ለሐኪም ቤት፣ «በማን ሰዓት?» ሳይባል አይለያዩም። አሥራ አራት ሰዎችን ሰዓት ጻፉልኝ ያልኩት እኔ ብቻ አልጠየቅሁም።

ሰኞ፣ ጁላይ 5።

የጣልኩትን ዓምድ መለስኩት። አየሁ። የዘጠኙ መብራት የጠፋበት ሰዓት፣ ምንም ሳልጨምርበት፣ እንደተጻፈ፣ ከታወጀው ፕሮግራም ጋር ይገጥማል። በዘጠኙም። በየቀኑ። «7» ማለት ማታ 19 ነው። ወደ ፈረንጅ ሰዓት ቀይረው ነው የሰጡኝ። የተቀየረውን እኔ እንደገና ቀየርኩት።

የቀትር ገበያ የሚባል ነገር የለም። አሥራ አራቱም ማታ ነው።

አርብ፣ ጁላይ 9።

ለዶክተር ማሴኮ አልነገርኩም። መጀመሪያ ደግሜ ማረጋገጥ አለብኝ። አረጋገጥኩ። ደግሞ ላረጋግጥ። ኢሜይል ጽፌ ሳልልከው አስቀመጥኩት። እሷም በኮሮና ምክንያት ሥራ በዝቶባታል። ፓነል ከምንም ይሻላል የሚሉ ሰዎችም አይጠፉም።

ሰኞ፣ ጁላይ 12።

በየከተማው ሁከት ተነሥቶ ሱቆች እየተዘረፉ ነው። አባባ ዘግቶ ውስጥ ነው። እማዬ ጎረቤት ቤት ናት። ስልክ አይነሳም።

ማክሰኞ።

አነሳ። ደህና ናቸው። የሰፈሩ ሴቶች ወንበር አውጥተው ሱቁ በር ላይ ተቀምጠዋል። «ዳቦ የምንገዛው ከዚህ ነው፣ ማንም አይነካውም» ብለው። አባባ ይህን ሲነግረኝ ድምፁ ተሰበረ። እኔ ዮቪል ተቀምጬ ኢሜይል አረቃለሁ።

እሁድ፣ ጁላይ 18።

የዛሬው አምልኮ በዙም ነበር። ምስጋና ላይ ጋሼ ሽጉጤ ማይኩን ከፈተ። «ከዝርፊያው ጌታ አተረፈን፣ ሃሌ ሉያ» አለ። ቀጥሎ «ደግሞ ስለ አቢሶ ልጅ ስለ ፊቤ አመሰግናለሁ» አለ። «ሃያ ዓመት እዚህ አገር ስንሠራ ሂሳብ ውስጥ ያስገባን የለም። እኛን የጻፈችን ይህች ልጅ ናት። እኛ የሰጠናትን ቁጥር ትልልቅ ሰዎች እያነበቡት ነው።» ሁሉም አሜን አሉ። ማይካቸውን መዝጋት የማይችሉት ደግሞ ለረጅም ጊዜ አሜን አሉ። አባባ በትንሿ ሳጥን ውስጥ አንገቱን ደፍቶ ነበር፤ ሲኮራ እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ካሜራዬን ዘጋሁ። ኔትወርክ ነው አልኩ።

ሰውዬው በጣቱ የቆጠረው ለእኔ ነው። የሰጠኝን ትክክለኛ ቁጥር አበላሽቼ፣ የተበላሸውን በስሙ አስነበብኩ። ከዚያ «ይቀላቅላል» ብዬ ጻፍኩበት። ያንን መስመር ከዚህ ደብተር ልሰርዘው አሰብኩና ተውኩት፤ ይታይ።

ሰኞ፣ ጁላይ 19።

ደወልኩለት።

«ጋሼ ሽጉጤ፣ ደብተሩ ላይ ሰዓቱን የጻፍከው በማን ሰዓት ነው?»

«በፈረንጅ ነዋ! ለዩኒቨርሲቲ ነው ብለሽ የለ? ፕሮፌሰሮች በሀበሻ ሰዓት ቢያዩ ምን ይሉናል? ሌሎቹንም ‹እንደዚህ ጻፉ፣ ልጃችንን እንዳታሳፍሩ› ያልኳቸው እኔ ነኝ። አባትሽ ብቻ እንቢ አለኝ።»

«ለምን?»

«‹እኔ የምጽፈው ለዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ ለልጄ ነው› አለኝ። ግትር ነው። አራት ሰዎች እሱን ተከተሉ። ምነው፣ የተበላሸ ነገር አለ?»

«አንተ ያበላሸኸው የለም፣ ጋሼ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት፣ ፓነሎቹ ማታ እንደማይሠሩም፣ ላይሰጡ እንደሚችሉም። ከበስተጀርባው ደንበኛ «ሳውቦና» ብሎ ሰላም ሲለው ይሰማኛል።

«ማታ ጨለማ ከሆነ ለእኔ ፓነሉ ቆርቆሮ ነው» አለኝ በመጨረሻ። «ሄደሽ ንገሪያቸው።»

ማክሰኞ፣ ጁላይ 20።

ነገርኳት። ዶክተር ማሴኮ ስለ ሁለቱ ሰዓት ሰምታ አታውቅም፤ ቀኑ ከንጋት እንደሚቆጠር ሳስረዳት «ይህ እንደውም ከእኛ ይሻላል» አለች። አልሳቀችም ግን።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«በአምስት።»

«ዛሬ ሃያ ነው።»

ዝርፊያው፣ ኮሮናው፣ የሷ ሥራ መብዛት፣ ለራሴ ያዘጋጀሁት ምክንያት ሁሉ ከአፌ አልወጣ አለ። «ስህተቱን ማንም ሊሠራው ይችላል» አለችኝ። «አሥራ አምስቱ ቀን ግን ያንቺ ነው። ስብሰባው ላይ ራስሽ ትናገሪያለሽ። የዶክትሬቱን ነገር ከዚያ በኋላ እናየዋለን።» ስልኩን ዘግቼ ሀኒ ትከሻ ላይ አለቀስኩ። ጥፍሯን ገና ስለቀባችው ሁለት እጇን ወደ ላይ ይዛ ነው ያቀፈችኝ።

ቅዳሜ፣ ጁላይ 24። ዳቬይተን።

የዩኒቨርሲቲውን ፈቃድ አገኘሁ። ለካ ማመልከት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው።

ከአባባ ጋር አሥራ አራቱንም ሱቅ አዳረስን። በየአንዳንዱ በር ላይ ቆሜ «በማን ሰዓት ጻፋችሁ?» አልኩ፣ ስህተቱ የኔ መሆኑንም ተናገርኩ። አንዱ ተቆጣ። አንዷ ለስላሳ ሰጠችኝ። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ከፕሮግራሙ ጋር መስመር በመስመር አብረን አየን። ሁለት ሳምንት፣ አሥራ አራት ሰው፣ በሻማም በስልክ መብራትም የተጻፈ፤ ከጥቂት ደቂቃ በላይ የሳተ አንድም መስመር አላገኘሁም። ዶክተር ማሴኮ የመሣሪያ ንባብ እንኳ እንደዚህ አይጠራም ትላለች። እኔ ነበርኩ ያልጠራሁት። ወደ ቤት ስመለስ ልብሴ የሱቅ ሽታ ይዞ ነበር። አላጠብኩትም።

ሐሙስ፣ ጁላይ 29።

ተናገርኩ። አራት ደቂቃ። አዲሱን ስዕል አሳየሁ፦ የአሥራ አራቱም ጫና ማታ ከ19 እስከ 21፣ አገሪቱ ናፍጣ በምታቃጥልበት ሰዓት ላይ ነው። እነዚህ ሱቆች ባትሪ ቢኖራቸው እነሱም አይጨልሙም፣ ናፍጣውም ይቀንሳል። የመጀመሪያው ውጤቴ ያምር ነበር፤ ይኼኛው ግን እውነት ነው።

የድርጅቱ ሴትዮ ሂሳቡን አስልታ ለአሥራ አራት ፓነል የተመደበው ባትሪ ከተጨመረበት የሚበቃው ለአምስት ሱቅ ብቻ ነው አለች። አምስቱን ማን ይመርጣል ተባለ። ዶክተር ማሴኮ «ሞዴሉ ይምረጥ» አለች። «ፊቤ ትሠራዋለች።» ስብሰባው ካለቀ በኋላ መልእክት ላከችልኝ፦ የዶክትሬቱን ማመልከቻ በመስከረም አስገቢ።

የቀሩት ዘጠኝ ሰዎች የነበራቸውን ሊያጡ ነው። እኔ የሌለ ነገር ባልሰጣቸው ኖሮ የሚያጡት አይኖርም ነበር።

ረቡዕ፣ ኦገስት 4።

ቅደም ተከተሉ ወጣ። አንደኛዋ አንዲት መበለት ናት። ጋሼ ሽጉጤ ሁለተኛ። አባባ ስድስተኛ።

አሮጌ ፍሪዘር መብራት ሲጠፋ ቶሎ ስለሚሞቅ ነጥብ ይጨምራል። የአባባ ፍሪዘር አምና የተገዛ ነው። አሮጌ ቢሆን ኖሮ ስንተኛ እንደሚሆን ለማየት ያህል ብቻ ቁጥሩን ቀይሬ ሞከርኩት። አምስተኛ ይሆናል። ለማየት ያህል ነው። ፋይሉን አላስቀመጥኩትም። ማለቴ፣ አስቀምጬው ነበር፤ ከምሳ በኋላ አጠፋሁት።

እሁድ፣ ኦገስት 8። ዳቬይተን።

ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሱቅ ሄድን። አባባ ማስኩን በትክክል አድርጎ ከመስኮቱ ኋላ ቆሟል፤ እማዬ እንቁላል ትደረድራለች።

«አምስት ነው አይደል?» አለኝ፣ ለደንበኛ መልስ እየቆጠረ።

«አምስት ነው።»

«እኔ ስንተኛ ነኝ?»

«ስድስተኛ።» ዝርዝሩን ሰጠሁት።

እማዬ እንቁላል መደርደሯን አቆመች። በሀዲይኛ አንድ ነገር አለችው፤ ሰምቻታለሁ፣ እዚህ አልጽፈውም። አባባ ሄዶ የፍሪዘሩን ክዳን ከፈተ፣ ዶሮውን አየ፣ ዘጋው። ይህ ሰው ለቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ «የኔ ሱቅ በልጄ ፀሐይ ሊበራ ነው» ብሎ ነግሯል። ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት ስልኩን አወጣ።

ደንበኛ እንዲጠብቅ በእጁ ምልክት ሰጠና ወደ ጓሮ ወጣ። በሩን ግን አልዘጋውም። ጋሼ ሽጉጤ ጋ ነው የደወለው፤ እነሱን የሚያግባባቸው አማርኛ ነውና ሁሉንም ሰማሁ።

«ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያለህ! ሁለተኛ ነህ፣ ባትሪ አግኝተሃል… እኔ? እኔማ የለሁበትም። ስድስተኛ ነኝ… አይ፣ አትዘን፣ ስማኝ እንጂ። አንድ ቁጥር እኮ ነው የቀረኝ። አንድ! ኮምፒዩተሩ እጇ ላይ ነው፣ ማንም አያያትም ነበር። የገዛ አባቷን ስድስተኛ አደረገችው! ሰማህ? የገዛ አባቷን!»

ዘጋና ለሚቀጥለው ደወለ። ከዚያም ለሚቀጥለው። ላገኙትም ላላገኙትም፣ ለአሥራ ሦስቱም ደወለ። እኔ ዳቦ እየሸጥኩለት፣ በየስልኩ መጨረሻ «የገዛ አባቷን!» ሲል ድምፁ ከፍ እያለ ሲሄድ እሰማው ነበር።